የየሻረግ ሩዝ ፀሐይ እንዲያይ

አረም አፍ፣ ውሃም ጆሮ በነበራቸው ዘመን ነው አሉ። ፎገራ ሜዳ ላይ የሻረግ የምትባል ልጅ አባቷን ለምና ቁራሽ መሬት ላይ ሩዝ ዘራች። አባቷ ግን፣ አረም ካሸነፈሽ ገልብጬ ጓያ ነው የምዘራበት ብለዋታል። ሩዙ በቀለ፤ አረሙም ተከትሎ በቀለና ከላይ ጋረደው። የሻረግ የፈለገችው አንዲት ነገር ብቻ ነው፤ ሩዟ ፀሐይ እንዲያይ።

"አረም፣ ሩዜን ልቀቅልኝ" አለችው።

"ምን ሲደረግ? አፈሩ ወዝ ብሎልኝ፣ አየሩ እየገባልኝ?"

ወደ አፈር ሄደች። አረም ሩዝ አይለቅ፤ አፈር ሆይ፣ አረሙን አፍንልኝ አለችው። አፈርም፣ ረጠብኩ እንጂ መቼ ውሃ ተኛብኝ፤ በእርጥበት ብቻማ አረም ይፋፋል እንጂ አይታፈንም አላት።

ወደ ውሃ ሄደች። አረም ሩዝ አይለቅ፣ አፈር አረም አያፍን፤ ውሃ ሆይ፣ አፈሩ ላይ ተኛልኝ። ውሃም፣ ክትሩ ተንዶ ማን አቅፎኝ ልተኛ እያለ ሾልኮ ሄደ።

ወደ ጭቃው ክትር ሄደች። አረም ሩዝ አይለቅ፣ አፈር አረም አያፍን፣ ውሃ አፈር ላይ አይተኛ፤ ክትር ሆይ፣ ውሃውን ያዝልኝ። ክትሩ አቃሰተ። የጎረቤትሽ የአያ ደርሰህ በሬ፣ ቡሬ፣ ጀርባዬ ላይ ያለውን ሣር ሲግጥ ረግጦ ናደኝ አለ።

ወደ ቡሬ ሄደች። አረም ሩዝ አይለቅ፣ አፈር አረም አያፍን፣ ውሃ አፈር ላይ አይተኛ፣ ክትር ውሃ አይዝ፤ ቡሬ ሆይ፣ ከክትሬ ውረድልኝ።

"ሆዴንስ ማን ይሙላልኝ?" አለ ቡሬ እያመነዠከ።

የሻረግ ዱላ አነሳች። አያ ደርሰህ ከማሳቸው ሆነው አዩዋት።

"የሻርዬ፣ በዱላ ሆድ ይሞላል እንዴ?"

ዱላውን አወረደች። የቡሬን አፍ አየች፤ ዞራ ማሳዋን አየች። ወዲያው ጎንበስ ብላ አረሙን በእቅፏ ሙሉ ነቀለች።

"ወዴት ነው?" አለ አረም።

"ተመችቶኛል አላልክም? እዚያም ይመችሃል" ብላ ቡሬ ፊት ጣለችው።

አያ ደርሰህ ሳቁ። ወንፈል ይሁን፤ አንቺ በሬዬን አብዪ፣ እኔ ክትርሽን ልምረግ ብለው ጭቃ ገቡ። የሻረግም የቀረውን አረም እየነቀለች ለቡሬ አበላችው።

ቡሬ ከክትር ወረደ፣ ክትር ውሃ ያዘ፣ ውሃ አፈር ላይ ተኛ፣ አፈር ሊበቅል ያቆጠቆጠውን የአረም ዘር አፈነ፣ አረም ሩዝ ለቀቀ። ሩዙስ አብሮ አይታፈንም ወይ ብትሉ፣ ግሩሙ ነገር እሱ ነው፤ ሩዝ እግሩን ውሃ ውስጥ ነክሮ በቅጠሉ የሳበውን አየር እስከ ሥሩ ያወርዳል። እንዲህ ያለ ሰብል ማን አለ?

አባቷ ቀንበር ተሸክመው መጡ። ማሳውን ዞረው አዩና ቀንበሩን መሬት አስቀመጡት።

"እንግዲህ ጓያዬን የት ልዝራው?" አሉ።

ሩዙ ፀሐይ ይሞቃል። የእኔም ወሬ እዚህ ላይ ክትር ገጠመው።