ጥንድ ያጣው የጃርት ልጅ

ተረት ላወራችሁ ነው፣ ጠጋ በሉ። ድሮ ድሮ፣ አውሬውም ዕቃውም አፍ አውጥቶ በሚናገርበት ዘመን፣ እትዬ ጃርት የምትባል ነበረች። ባሏን ነብር በልቶባት ከአንድ ልጇ ጋር ትኖራለች። ልጁን ማንደፍሮ አለችው። ሐሜት አይሁንብኝና፣ አሞላቅቃ ነው ያሳደገችው! ከጉድጓዷ አታስወጣውም። ገበጣ ሲጫወቱ እያወቀች ትሸነፍለታለች። እሱ «አሸነፍኩ!» ሲል፣ እሷ «የኔ አንበሳ!» ትላለች።

ጎረቤቷ ጅግራ ይህን ሁሉ ታያለች። እሷ የማታየው ምን አለ!

«እትዬ ጃርት፣ ልጁን ሜዳ ስደጂው እንጂ! እኩዮቹ እኮ የገና ጨዋታ እየተጫወቱ ነው።»

እትዬ ጃርት እያመነታች የወይራ ሥር በጥርሷ ፋቀች፤ በዱላ የሚመታውን ድቡልቡል እሩር ሠርታ ሰጠችው።

ታዲያ ገና ሥርዓት አለው። ልጆቹ ሁለት ሁለት እየሆኑ ራቅ ብለው በሹክሹክታ ስም ያወጣሉ። ከዚያ ሁለቱ አለቆች፣ የጦጣ ልጅና የድኩላ ልጅ፣ ስሙን ይመርጣሉ። ከጥንዶቹ አንዱ ወደዚህ፣ አንዱ ወደዚያ ይሄዳል። ጥንድ የሌለው አይገባም።

በመጀመሪያው ቀን ማንደፍሮ ከሽኮኮ ጋር ተጣመረ። «ዝናብ ወይስ ነፋስ?» አሉ። ተመረጡ፣ ተጫወቱ። የማንደፍሮ ወገን ተሸነፈ። ማንደፍሮ እሾሁን አቁሞ «እሩሩ የኔ ነው!» አለና ይዞ ሮጠ።

በሁለተኛው ቀን ከከርከሮ ልጅ ጋር ተጣመረ። «ወርቅ ወይስ ብር?» አሉ። አሁንም ተሸነፈ። «አጭበርብራችኋል!» አለና እሩሩን ይዞ ሮጠ።

በሦስተኛው ቀን ሲመጣ ሽኮኮና ከርከሮ ተጣምረዋል።

«ጥንድ አለህ?» አለው የጦጣ ልጅ።

«እሩር አለኝ።»

«እሱን ማን ጠየቀህ? እኛም ከጠፍር ጠቅልለን ሠርተናል።»

ሳቁበት። ማንደፍሮ ዳር ላይ ተቀመጠ። ፀሐይ ዞረች፤ አንድም ዞሮ ያየው የለም።

«በል እኔና አንተ እንጫወት፣» አለው እሩሩን።

«እንዴት አድርገን?» አለ እሩሩ። «ስትመታኝ እሄዳለሁ። የሚመልሰኝ ማነው?»

መታው። ሄዶ ራሱ አመጣው። መታው። ሄዶ ራሱ አመጣው። ለሦስተኛ ጊዜ ሲመታው ግን አላመጣውም፤ ቁጭ ብሎ አለቀሰ።

ቤት ሲገባ እናቱ ገበጣውን ዘርግታለች።

«እማዬ፣ ሁልጊዜ የምትሸነፊው ለምንድነው?»

«እንዳይከፋህ ብዬ ነዋ።»

«ታዲያ እኔ አሸንፌ አላውቅም?»

እትዬ ጃርት የገበጣውን ጠጠር ደለደለች። ያን ቀን የምሯን ተጫወተች፤ አሸነፈችውም። የልጁ እሾህ ቆመ። ቆየና ተኛ። «እንደገና፣» አላት።

በማግስቱ እሩሩን ከወደቀበት አንስቶ ሜዳው መሐል አስቀመጠላቸውና ዳር ሄዶ ተቀመጠ። ኤሊ አርፍዳ መጣች። ቀርፋፋ ናት ብለው ጥንድ የሚሆናት የለም።

«ባሸንፍህ ትወጋኛለህ?» አለችው።

«አልወጋሽም።»

ራቅ ብለው ተንሾካሾኩ። ኤሊ ለጦጣ ደረሰች፣ ማንደፍሮ ለድኩላ። የኤሊ ወገን አሸነፈ። ሁሉም የማንደፍሮን እሾህ ያያሉ። እሾሁ ተንቀጠቀጠ። ማንደፍሮ ወደ ኤሊ ሄደ።

«ጎበዝ ነሽ። በሉ እንደገና እንጣመር!»

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ እትዬ ጃርት በሯ ላይ ብቻዋን ተቀምጣለች። ጉድጓዱ ጭር ብሏል።

«ልጅሽስ?» አለች ጅግራ።

«ተሸንፏል አሉ።»

«ታዲያ የታለ?»

«ምን አውቄ፣ እስካሁን አልመጣም!» አለች እትዬ ጃርት። እያለቀሰች ትስቃለች።

እናንተም ልጅ ያላችሁ፣ ሜዳ ስደዱት፤ ይሩጥ፣ ይውደቅ፣ ይሸነፍ። ቤቱ በውሸት ሲያሸንፍ የኖረ ልጅ፣ ውጭ ብቻውን ይቀራል። እኔ ጨረስኩ፤ የቀረውን ለጎረቤት እናንተ አውሩ።