የርክክቡ ጭብጨባ

ለገበሬዎች በነፃ እንዲታደል የተበጀተው ምርጥ ዘር ለአንዲት ቀበሌ አልደረሰም የሚል አቤቱታ ቀረበና፣ የምክር ቤቱ ቋሚ ኮሚቴ የፕሮግራሙን ኃላፊ አቶ ዘውገን ጠርቶ ጠየቀ። ከቀበሌዋም አንዲት ባልቴት ለምስክርነት መጡ። ክረምቱ ሊገባ ነው፤ ኮሚቴው ዛሬ ካልወሰነላቸው የቀበሌዋ ማሳ ጦሙን ያድራል።

አቶ ዘውገ ቪዲዮ ይዘው ነበር። በቪዲዮው ላይ በጭነት መኪና የተቆለለ ጆንያ፣ ንግግር የሚያደርጉ አቶ ዘውገ፣ እንዲሁም ቆመው የሚያጨበጭቡ ገበሬዎች ታዩ።

«ክቡራን የኮሚቴው አባላት፣ ርክክቡ ይኸው። ያልተቀበለ ሰው እንዲህ ያጨበጭባል?» አሉና ወደ ባልቴቷ ዞሩ። «እማማ፣ ያቺ ከፊት የቆመችው እርስዎ አይደሉም?»

«እኔው ነኝ፣ ጌታዬ።»

«አጨብጭበዋል ወይስ አላጨበጨቡም? በአጭሩ ይመልሱልኝ። ውለታ የሚክድ ቀበሌ ደግሞ በሚቀጥለው ዙር አይታሰብም።»

«ኧረ አጨብጭቤያለሁ! መዳፌ እስኪቀላ ነው ያጨበጨብኩት።»

አቶ ዘውገ ፈገግ ብለው ተቀመጡ። ሰብሳቢዋ ግራ ገባቸውና «እናቴ፣ ታዲያ አልተቀበልንም የምትሉት እንዴት ነው?» ሲሉ ጠየቁ።

«ዘር የተቀበለ ሰውማ ጆንያውን በሁለት እጁ አቅፎ ወደ ቤቱ ይሮጣል እንጂ ንግግር ሊሰማ ይቆማል?» አሉ ባልቴቷ። ከዚያም አቶ ዘውገን ቀና ብለው አዩአቸው። «እጃችን ባዶ ባይሆን ኖሮ፣ ጌታዬ፣ በምናችን እናጨበጭብልዎ ነበር?»