የዋሻው ደጅ ጠጠር

ሰዎች ዛሬ በቀልድ ጣል የሚያደርጓት አንዲት አባባል አለች፤ በተወለደችበት ቀን ግን የሳቀ አልነበረም። ነገሩ እንዲህ ነው።

በአንዲት ገደላማ መንደር ሰዎች እህላቸውን ከዘራፊ የሚሸሽጉበት ዋሻ ነበረ። ውስጡ መንታ መንገዱ ብዙ፣ ጨለማው ድቅድቅ ነውና ገብቶ የሚቀር ሰው አይጠፋም። ስለዚህ ደጁ ላይ ቆጣሪ ይቀመጣል፤ ሰው ሲገባ አንድ ጠጠር ያኖራል፣ ሲወጣ አንድ ያነሳል። ጠጠሩ ሲያልቅ ዋሻው ባዶ ነው ማለት ነው።

ቆጣሪዋ ትርንጎ ነበረች። የመጀመሪያ ባሏ ይርዳው እዚያው ገብቶ ቀርቷል። ጠጠሩን ዓመታት ስትጠብቅ ኖራ፣ በመጨረሻ ካሳዬ የሚባል ደግ ሰው አገባች። በሠርጓ ዋዜማ ያችን የይርዳውን ጠጠር አንስታ ወደ ገደል ወረወረቻት።

አንድ የሚያዝያ ቀን፣ ፀሐይ አናት ላይ ሳለች፣ ካሳዬና ሁለት ጎረቤቶቹ የዘር ማሽላ ሊያወጡ ገቡ። ሦስት ጠጠር አኖረች። ሲወጡም አንድ በአንድ አነሳች፤ በካሳዬ ጨርሳ እጇን አራገፈች። ያኔ ከውስጥ ኮቴ ተሰማ።

«ማን ቀረ?» አለች።

«ማንም አልቀረም» አለ ካሳዬ። «ሦስት ገባን፣ ሦስት ወጣን።»

አንድ ሰው አቧራ ለብሶ ብቅ አለ። ይርዳው ነበር። ጢሙ እንኳ አልሸበተም፤ እሷ የፈተለችው ጋቢ ትከሻው ላይ ነው።

«ትርንጎዬ፣ ቆየሁብሽ?» አላት፣ በዚያው ጧት የተለያት ይመስል።

እጇ በልማድ ወደ መሬት ሄደ። የሚነሳ ጠጠር የለም። ጣቷ አፈሩን ጭሮ ጠጠር የምታህል ጉድጓድ ከፈተ።

ከእሷ በፊት ቆጣሪ የነበሩት አባ ጽጌ ከተቀመጡበት ተነሡ። «ዋሻው አሁን ከባዶ በታች ሆነ፤ አንድ ሰው ይጎድለዋል።»

«ባዶ ነገር እንዴት ይጎድለዋል፣ አባ?» አለች ትርንጎ።

«ሳይወጣ ጠጠሩን አነሳሽዋ፣ ልጄ! ያን ጉድጓድ የሚሞላው ጠጠር ነው፤ ጠጠር ደግሞ ሰው ሳይገባ አይቀመጥም።»

ትርንጎ ግን ከዚህ ወዲያ አልሰማቻቸውም። የይርዳውን እጅ ይዛ ታለቅሳለች፣ ትስቃለች። እጁ እንደ ዋሻው ግድግዳ ይቀዘቅዛል። ቀና ስትል ካሳዬ የሚያየው እነሱን ሳይሆን የዋሻውን አፍ ነው።

«አቤት» አለ ወደ ጨለማው። የጠራው ግን አልነበረም።

«ካሳዬ! ወዴት ነው?»

«ቁናውን ረስቼ ነው» አለ። ቁናው በእጁ ነበር።

ልትሮጥ እጇን ከይርዳው እጅ ለማላቀቅ ታገለች፤ ወይም የታገለች መሰላት። ካሳዬ ገባ። አንድ ጠጠር አኖረች፤ ጠጠሯም ጉድጓዷ ውስጥ ገብታ መሬቱ ልሙጥ ሆነ፣ ማንም እንዳልገባ፣ ማንም እንዳልወጣ።

ጎረቤቶቹ ችቦ ይዘው ፈለጉት፤ የተመለሰላቸው የገዛ ድምፃቸው ብቻ ነው። ይርዳው እቤቱ ገባ፣ በላ፣ ጠጣ። እጁ ግን እሳት ዳር ውሎም አልሞቀ።

የመንደሩ ሴቶች ነጠላቸውን እንዴት እንደሚያጣፉ ግራ ገብቷቸው የትርንጎ ደጅ ላይ ቆሙ፤ «እናልቅስ ወይስ እልል እንበል?» ብለው ጠየቋት። አባ ጽጌ በትራቸውን ተደግፈው እንዲህ አሉ፦ «ያልቆጠሩት ሲወጣ፣ የቆጠሩት ይገባል።»