ዳለቻ ያልጨረሰው መንገድ

አንድ ጊዜ፣ ሁለት ክረምት በተከታታይ ዝናብ በቀረበት ቆላ፣ የአራዊቱ ኩሬ ደረቀና ጭቃው እንደ ተሰበረ ገንቦ ተሰነጣጠቀ። የአያ አንበሶ ሸንጎ ከግራሩ ሥር ተሰበሰበ፤ አዋጅም ተነገረ።

«ውሃ ያለበትን የሚያውቅ ቆሞ ይናገር። ሸንጎውን ያሳመነ መሪያችን ይሆናል። የመሪ ሥጋ ከዛሬ ጀምሮ ለማንም እርም ነው።»

ይህችን የመጨረሻዋን ቃል ከሁሉም አብልጦ የሰማት ዳለቻ ነበር። ዳለቻ የጨው ነጋዴዎች ሲጭኑት ኖረው፣ ጀርባው ተገጥቦ ሲደክም መንገድ ላይ የጣሉት አህያ ነው። ወደ አራዊቱ ከተጠጋ ወዲህ እንቅልፉን የሚተኛው ቆሞ ነው። አያ ጅቦ ባለፈ ባገደመ ቁጥር «እንደምን ዋልክ ወንድሜ? ዛሬ ደግሞ ትንሽ ወፈር ብለሃል» ይለዋል።

ዳለቻ ውሃውን ያውቀዋል። የሚያውቀው ግን በእግሩ ነው። አህያ መንገድ የሚያስታውሰው ከመነሻው ጀምሮ ነው፤ ከመሃል ጀምር ቢሉት ይጠፋዋል። የረገጠውን ሁሉ በረገጠበት ተራ ካልጠራ መድረሻው አይመጣለትም።

ተራው ደርሶ መሃል ቆመ። ንጉሥ ማክበር መስሎት ፊቱን ወደ አያ አንበሶ፣ ጭራውን ወደ ሕዝቡ አዞረ። አንገቱን ደፍቶ ጀመረ።

«ጌታዬ፣ ከኩሬው ሲነሱ በስተግራ የወደቀ ዋርካ አለ። ዋርካውን ሲያልፉ መሬቱ ጠጠር ይሆናል። ጠጠሩ ነጭ ነው። ነጭ የሆነበትም ምክንያት…»

«ውሃው የት ነው?» አለ ከርከሮ ከኋላ።

«እደርስበታለሁ» አለ ዳለቻ ዞር ሳይል። «ነጭ የሆነበትም ምክንያት ጎርፍ አፈሩን ጠርጎ ስለወሰደው ነው።»

ጠጠሩ አልቆ ኮረብታው ሲመጣ ሚዳቋ አንቀላፋች። ሁለተኛው ኮረብታ ላይ ከርከሮ አንኮራፋ። አያ ጅቦ የዳለቻን ታፋ ትኩር ብሎ እያየ ስለ ሌላ ነገር ያስብ ነበር። አያ አንበሶም ከተኛ ቆይቷል፤ ክብሩ ስላልፈቀደለት ግን የተኛው ዓይኑን ገልጦ ነው። እስከ ገደሉ ድረስ ጆሮዋን አቁማ የሰማችው እመት ቀበሮ ብቻ ነበረች።

«ከገደሉ ሥር ቀይ ቋጥኝ አለ» አለ ዳለቻ። «ውሃው እዚያ ነው።»

እመት ቀበሮ አቧራዋን አራግፋ ተነሣችና ሄደች።

«ነገር ግን…» አለ ዳለቻ።

የቀበሮዋ ኮቴ ያነቃው አያ አንበሶ መዳፉን አነሣ። «ይበቃል። የቀረው ነገ ይሰማል።»

ዳለቻ የቀረውን እሱ ነገ የሚናገረው መስሎት ደስ አለው። የሸንጎው ሕግ ግን አንዴ የተናገረ በዚያው ጉዳይ ዳግመኛ አይቆምም የሚል ነው። ይህን የነገረው ማንም አልነበረም።

በማግስቱ እመት ቀበሮ ሸንጎው ሳይሞላ መጣች። ነፋሱ ከየት እንደሚነፍስ አሸተተችና ከጀርባዋ አድርጋው ኩይሳ ላይ ወጣች። ከኩሬው እምብርት ስትጭር አድራ ያገኘችውን አንዲት ጉርሻ እርጥብ ጭቃ ከእግሯ ሥር አስቀመጠች። ነፋሱ ሥራውን እስኪሠራ ጠበቀች።

የጭቃው ሽታ በሸንጎው ላይ አለፈ። የተኛው ነቃ፤ የቆመው ወደ ፊት ቀረበ።

«ከርከሮ ወንድሜ» አለች በለሆሳስ፣ «ትንሹ ልጅህ ትናንት ምን እያለ አለቀሰ?»

«ውሃ» አለ ከርከሮ።

«ሚዳቋ እኅቴ፣ ጡትሽ ወተት አለው?»

ሚዳቋ አንገቷን ደፋች።

«እንግዲህ ስሙኝ። ሁለት ኮረብታ፣ አንድ ገደል፣ አንድ ቀይ ቋጥኝ። ከቋጥኙ ሥር ልጆቻችሁ ይጠጣሉ።»

ይኸው ነበር። ከዚያ በላይ አንዲት ቃል አልጨመረችም። ሸንጎው መሬቱን በኮቴ ደበደበው። አያ ጅቦ ወደ ኩይሳው ተጠጋና «ሥጋስ አለ እመት?» ሲል ጠየቃት። «ውሃ ባለበት ጠጪ አይጠፋም አያ ጅቦ» ብላ በጆሮው ብታንሾካሹክለት ብቻውን ሲስቅ ቆየ።

ጆሮው ቀጥ ብሎ፣ ጉሮሮው ደርቆ፣ ኮቴውን እያነሣ ሲጥል ራሱን ያገኘው ግን ዳለቻ ነው። ውሃውን ለዓመታት ያውቀዋል፤ እንዲህ ጠምቶት ግን አያውቅም። የገዛ መንገዱ መሆኑ የገባው የኮቴው ድብደባ ከበረደ በኋላ ነው።

«መንገዱ እኮ የኔ ነው» አለ ለከርከሮ።

«አንተማ የነገርከን ስለ ጠጠር ነው» አለው ከርከሮ።

ወደ ቀበሮዋ ሄደ። «እመት ቀበሮ፣ ስሜን ባታነሺም ግድ የለም። መጨረሻው ግን ቀርቷል።»

«ወንድሜ፣ ሰው ከተነሣ በኋላ መጨረሻ አይነገርም» አለችው፤ አጠገቧም እንዳይቆይ ፈጠን ብላ አለፈች። የመሪነቱን ቦታ፣ ማለትም ከንጉሡ ቀኝ፣ ይዛ ነበር።

ጉዞው ተጀመረ። ቀበሮዋ የተናገረችው ሁሉ እንደተናገረችው ተገኘ፤ ኮረብታውም ገደሉም ቦታቸው ላይ ነበሩ። ቀይ ቋጥኙ ብቅ ሲል ሥሩ እንደ ሰማይ የጠራ ውሃ ተኝቷል። ዳር ዳሩ ላይ ሣር አልነበረም። ወፍም አልነበረችም። ይህን ግን ያስተዋለ የለም።

ዳለቻ አስተዋለ። ከዚያ ውሃ የጠጣች በቅሎ ስትወድቅ ያየው በዓይኑ ነው። ጤናማው ውሃ ከቋጥኙ ጀርባ፣ ከአሸዋው ሥር ነው፤ በኮቴ ካልተቆፈረ አይታይም። እየሮጠ ከመንጋው ፊት ተጋረጠ።

«ስሙ!» አለ። ሰሙት፤ ጥቂት እንኳ ቆሙ። «ነጋዴዎቹ በዚህ ያለፉበት ዓመት፣ አንዲት ቡላ በቅሎ ነበረች። በቅሎዋን የገዟት ከደጋ ነው…»

«ደሞ ጀመረው» አለ ከርከሮ፤ ገፍትሮት አለፈ።

«አትጠጡ» የምትለው ቃል ከታሪኩ መጨረሻ ላይ ነበረች። ዳለቻ ሲደርስባት ከፊት ያሉት አፋቸውን ውሃው ውስጥ ነክረው ነበር።

ሌላ የሚያደርገው ቢያጣ ወደ ቋጥኙ ጀርባ ሄዶ አሸዋውን መቆፈር ያዘ። ውሃው ብቅ ሲል እሱም ጠምቶት ነበርና ጠጣ። ቀና ሲል የከርከሮ ትንሹ ልጅ በጎኑ ወድቆ እግሮቹን ያንፈራግጣል። ሚዳቋ አጠገቡ ተኝታለች፤ አትንቀሳቀስም። ንጉሥ ቀማሽ ሳይቀምስለት አይጠጣምና አያ አንበሶ ተረፈ። ከንጉሡ ቀኝ ያልተለየችው እመት ቀበሮም፣ ዓይኑ ከጠጪዎቹ ላይ የነበረው አያ ጅቦም፣ ልጁን ያስቀደመው ከርከሮም፣ ተራ ያልደረሳቸውም ተረፉ።

«ምንድን ነው ይህ?» አለ አያ አንበሶ ወደ ቀበሮዋ ዞሮ።

እመት ቀበሮ አልደነገጠችም። መጀመሪያ ሚዳቋን አየች፤ ከዚያ ከርከሮን አየች፤ ዓይኗም እንባ አቀረረ።

«ጌታዬ፣ ይህን መንገድ ያገኘው ወንድማችን ዳለቻ ነው» አለች።

ስሙ በሸንጎ ፊት በክብር ሲጠራ ይህ የመጀመሪያው ነበር።

«አምኜው እኔ አፍ ሆንኩት። አሁን ግን ከንፈሩን እዩት፤ ጠጥቷል፣ ግን አልወደቀም።»

ሁሉም አየ። የዳለቻ ከንፈር እርጥብ ነው፤ አሸዋም ተለጥፎበታል።

«ዳለቻ» አለ አያ አንበሶ፣ «መንገዱ ያንተ ነው?»

«የኔ ነው ጌታዬ።»

«ሌላ ውሃ እንዳለ ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«ታዲያ ለምን አልተናገርክም? ባጭሩ መልስ።»

ሸንጎው እንደዚያን ሰዓት ነቅቶ አያውቅም። የከርከሮ ዓይን ሳይቀር እሱ ላይ ነው። «ሳልጨርስ ተነሥታ ሄደች» ቢል ይበቃው ነበር። ዳለቻ እንደዚህ ሲደመጥ የመጀመሪያው ነውና ምንም እንዳይቀር ፈለገ። ፊቱን ወደ አያ አንበሶ፣ ጭራውን ወደ ሕዝቡ አዞረ።

«ጌታዬ፣ ከኩሬው ሲነሱ በስተግራ የወደቀ ዋርካ አለ…»

«ይችን እንኳ ሰምቻታለሁ» አለ አያ ጅቦ ከበስተኋላው።

አያ አንበሶ ፊቱን አዞረ። ዳለቻ ነጩ ጠጠር ላይ አልደረሰም።

አያ ጅቦ በልቶ ሲያበቃ እመት ቀበሮ የተረፉትን ሰብስባ ወደ ቋጥኙ ጀርባ ወሰደቻቸውና በኮቴ የተቆፈረውን ጉድጓድ አሳየቻቸው። «ይኸው፣ ቃሌን አላጠፍኩም» አለች። ጠጡ። ጠጥተውም መሬቱን በኮቴ ደበደቡላት።

ከዚህ የምንማረው፣ ሰሚው ነቅቶ ሳለ ዋናዋን ቃል ያላስቀደመ እውነተኛ፣ እውነቱን ለአንደበተኛ ሌባ፣ ራሱንም ለጅብ እንደሚያወርስ ነው።