በሬዎቹ አልተጣሉም

ሁለት በሬ የነበረው አንድ ገበሬ ነበረ። ሰኔ ሊገባ ሁለት ሳምንት ሲቀረው አንደኛው በሬ ገደል ገብቶ ሞተበት።

ገበሬ የሆናችሁ ታውቁታላችሁ፤ ላልሆናችሁት ልንገራችሁ። አንድ በሬ ያለው ሰው ግማሽ ገበሬ እንዳይመስላችሁ። በአንድ በሬ አይታረስም! ዝናቡስ ቢሆን "በሬ እስክታገኝ ልቆይልህ" ይላል እንዴ?

ሰውየው ጓንጉል ይባላል፤ የአምስት ልጆች አባት ነው። በሬ ከበሬ አቀናጅቶ በተራ የሚያርስ ሰው ፍለጋ ወጣ። ከወንዝ ማዶ አማቾቹ ዘንድ ሄደ፤ ሁሉም ጠምደዋል። የክርስትና አባቱ ዘንድ ሄደ፤ እሳቸውም ጠምደዋል። ደክሞት ሲመለስ ሚስቱ ደብሪቱ ውሃ አቀረበችለትና፣ "አጥናፉስ?" አለችው።

ጓንጉል ውሃውን ሳይጠጣ መልሶ አስቀመጠው።

አጥናፉ ጎረቤቱ ነው። እርሻቸው ይዋሰናል። እሱም አንዱን በሬ በበሽታ አጥቶ የቀረው አንድ ብቻ ነው። ታዲያ ምን ቸገረ አትሉም? ችግሩማ ሰባት ዓመት ሆኖታል! በሁለት ትልም መሬት ተጣልተው፣ ሽማግሌ ገብቶ ሽማግሌ ወጥቶ፣ ሰላምታ እንኳ ከተቋረጠ ሰባት ዓመት። መሬቱም በክርክር ምክንያት ጦሙን አድሮ ሣር በቅሎበታል። ልቅሶ ቤት ቢገናኙ አንዱ በዚህ ጥግ፣ አንዱ በዚያ ጥግ ነው።

"የእሱን ደጅ ከምረግጥ..." አለ ጓንጉል።

"ከምትረግጥ ምን? ልጆቹን ምን ላብላቸው? ኩራትህን?" አለች ደብሪቱ። ወዲያው ደግሞ ሳቋ መጣ። "አንተ ሰው፣ የእኛ ዳልቻና የእነሱ ቦራ ቀኑን ሙሉ ጎን ለጎን ሲግጡ አታይም? አንዱ የአንዱን አንገት ይልሳል እኮ! የተጣላችሁት እናንተ ናችሁ፤ በሬዎቹ አልተጣሉም!"

ጓንጉል መሳቅ አልፈለገም ነበር። ግን ሳቀ።

ማለዳ ቀንበሩን ተሸክሞ ወጣ። እግሩ ይሄዳል፤ ልቡ "ተመለስ" ይለዋል። ምን ብሎ ይጀምር? ወገኖቼ፣ ከአንድ አጥር እስከ ሌላው አጥር ያለው መንገድ እንደዚያ ቀን ረዝሞበት አያውቅም።

የተጣሉበት ድንበር ላይ ሲደርስ ቀና አለ። አጥናፉ ፊት ለፊቱ ቆሟል። ትከሻው ላይ ምን ይዟል መሰላችሁ? ቀንበር!

ለካ በዚያኛውም ቤት ሚስት አለች።

ተያዩ። ቀንበሮቹንም አዩ።

"ሁለት ቀንበር ምን ይሠራልናል?" አለ አጥናፉ። "ያጣነው በሬ አይደል እንዴ!"

ጓንጉል ሳቁ አመለጠው፤ ቀንበሩን ጥሎ አንገቱ ላይ ተጠመጠመበት። "ይቅር በለኝ ወንድሜ" በማለት ማን እንደቀደመ እስከ ዛሬ ይከራከራሉ። ጓንጉል "እኔ ነኝ" ይላል፤ አጥናፉ "እኔ ነኝ" ይላል። እንዲህ ያለውን ክርክር ያብዛልን!

በዚያው ቀን ዳልቻና ቦራ ተጠመዱ። አንድ ቀን የጓንጉልን፣ አንድ ቀን የአጥናፉን አረሱ። የተጣሉበትንም ሁለት ትልም አብረው አረሱት፤ ጤፍ ዘሩበት። ሲደርስ ከዚያ የተገኘውን ሁለቱ ቤተሰብ በአንድ ገበታ ዙሪያ ተሰብስቦ በላው። ልጆቹ እየተሻሙ፣ ሚስቶቹ በባሎቻቸው እየሳቁ። አጥናፉ ጉርሻውን በጓንጉል አፍ ከተተና፣ "ሰባት ዓመት ሙሉ ይህን ለሣር ትተንለት ነበር!" አለ።

እናንተስ? ሰላምታችሁን የነፈጋችሁት ማንን ነው? ወንድማችሁን ነው? የባላችሁን እናት ነው? ወይስ በአንድ ግድግዳ የምትዋሰኑትን ሰው?

"በዳዩ እሱ ነው" ትሉኝ ይሆናል። እውነታችሁን ሊሆን ይችላል። ግን እውነታችሁ ሆዳችሁን ሞላው? ያን እውነት ታቅፋችሁ ስታድሩ ደስ አላችሁ? እግዚአብሔር የምትለምኑትን በረከት በዚያ በተቀየማችሁት ሰው እጅ አስቀምጦላችሁ ቢሆንስ?

ዛሬ ከዚህ ስትወጡ አቋራጩን ተዉት። በዚያ ሰው ደጅ በኩል እለፉ። "እንደምን ዋላችሁ" በሉ፤ የቀረው ቃል ራሱ ይመጣል።

መልስ ባይሰጣችሁ፣ ነገም በዚያው እለፉ።