ጦጢት ያቀለለችው አውሮፕላን

አንድ ጊዜ ሁለት ክረምት በተከታታይ ዝናብ ቀረና የቆላው እንስሳት ምንጫቸው ደረቀባቸው። ከአገር መውጣት ግድ ሆነ፤ ግን ወዴት? አቅጣጫ ከሳቱ ግልገሉና ውርንጭላው መንገድ ላይ ያልቃል።

ይኼኔ እጀ ብልሃተኛዋ እመት ጦጢት አውሮፕላን ሠራች። ረጅሙ ክንፉ ላይ ሶላር ተነጥፎበታል። ቀን ፀሐይዋ ሞተሩንም ታንቀሳቅሳለች፣ ባትሪውንም ትሞላለች፤ ሌሊት ደግሞ በባትሪው ይበራል። ውኃ እስኪገኝ ሳያርፍ አየር ላይ እንዲቆይ ነው፤ ስታገኝ ተመልሳ ሁሉንም ልትመራ።

ጦጢት ልጇን አዝላ ልትነሣ ስትል አያ ጅቦ መጣ።

«እኔንም አሳፍሪኝ። ውኃ ባለበት ሥጋ አይጠፋም።»

«ትከብዳለህ፣ አያ ጅቦ።»

ጅቦ አንገቱን ደፋ። ሆዱ ከጀርባው ተጣብቋል። ጦጢትን አሳዘናት።

ጅብ ከሰፈር ቢርቅለት ደስ የሚለው ቀበሮ ጣልቃ ገባ። «ምን ችግር አለው? ባትሪውን ትልቅ አድርጊው።»

ጦጢት ባትሪውን አተለቀችው። ባትሪው ስለከበደ ክንፉን አስረዘመችው። ክንፉ ሲረዝም ጎበጠ፤ በብረት ደገፈችው። ብረቱን ለመሸከም ደግሞ ሌላ ባትሪ አስፈለገ። እንዲህ ስትል ሳምንቱ አለቀ። በመጨረሻ ጅቦን አሳፍራ ብትሞክረው አውሮፕላኑ የግራሩን ጫፍ እንኳ ሳያልፍ ተመልሶ አሸዋው ላይ ተቀመጠ።

አህያ ቀስ ብላ ቀረበች። ውርንጭላዋ ከኋላዋ ይንገዳገዳል።

«እመት ጦጢት፣ የኔ ልጅ ከእንግዲህ ብዙ አይቆይም» አለቻት።

ጦጢት የጨመረችውን ሁሉ ትፈታ ጀመር፤ ባትሪውን፣ ብረቱን፣ የክንፉን ቅጥያ አወረደች።

«ጠልቼህ አይደለም፣ አያ ጅቦ። አንተን ከያዝኩ ሁላችሁንም አጣለሁ።»

«ጀርባሽ ላይ ያለውስ?» አለ ጅቦ አኩርፎ።

ጦጢት ዞር ብላ ጀርባዋን አየች። ልጇ ከተወለደ ጀምሮ ከእሷ ተለይቶ አያውቅም፤ ክብደት እንዳለውም ረስታው ነበር። ጣቶቹን አንድ በአንድ ከፀጉሯ አላቀቀችና ለአህያ ሰጠቻት።

«እንደ ልጄ ነው የማየው» አለች አህያ።

ጦጢት ብቻዋን በረረች። ሊነጋጋ ሲል ባትሪው ደከመ፤ አውሮፕላኑ ዝቅ፣ ዝቅ ይል ጀመር። ልጇን ይዛ ቢሆን ይኼኔ ወድቃለች። የዛፎቹ ጫፍ ሲቀርባት ፀሐይዋ ብቅ አለች፤ ሞተሩም ነፍስ ዘራ። ከፊቷ፣ ከተራራው ጀርባ፣ ሰፊ ሐይቅ ተንጣሎ ታያት።

ተመልሳ ልጇን ከአህያ ተቀበለችና ሁሉንም እየመራች ተነሣች። ሐይቁ ዳር ሲደርሱ ውርንጭላው እስከ ጉልበቱ ገብቶ ጠጣ። ከሁሉም ኋላ ሲያዘግም የቆየው አያ ጅቦ ጠጥቶ ጠጥቶ ሲበቃው አፉን ጠረገና፣ «ለካ በእግርም ይደረሳል» አለ።

ከዚህ የምንማረው፣ ሩቅ መድረስ ያለበት ሰው የሚያሳዝነውንም የሚወደውንም ሁሉ ልያዝ ካለ ማንንም እንደማያደርስ ነው።