ፈጪዋ የሻረግና የካቡ ድመት

«ተረት ተረት!»

«የመሰረት!»

«ምነው ድምፃችሁ ደከመ? እስቲ እንደገና! ተረት ተረት!»

«የመሰረት!»

በድሮ ጊዜ፣ በአንድ ንጉሥ አገር የሻረግ የምትባል ፈጪ ነበረች። ባሏ ሞቷል፤ ልጅ አልወለደችም። ለንጉሡ ግቢ እህል ትፈጫለች። ጠዋት ትፈጫለች፣ ቀን ትፈጫለች፣ ማታም ትፈጫለች። የወፍጮውን መጅ ስትገፋ ኖራ ክንዷ ዝሏል፣ ጉልበቷ ላልቷል። «ደህና አደርሽ?» ሲሏት፣ «ደክሞኝ አደርኩ» ትላለች።

ከወፍጮ ቤቱ ኋላ የድንጋይ ካብ አለ። በካቡ ስንጥቅ ውስጥ ጆሮዋ የተቀደደ ግራጫ ድመት ትኖር ነበር። የማንም አይደለችም። ሰው ሲቀርባት ፀጉሯን አቁማ «ፍፍፍ!» ትላለች። የግቢው አሽከሮች «ሌባ!» እያሉ በድንጋይ ያባርሯታል።

የሻረግ ግን አንድ ነገር አይታለች። ድመቷ ከመጣች ጀምሮ አንድም አይጥ እህሉን አልነካም። ስለዚህ ከራቷ ቆርሳ ካቡ ላይ ታስቀምጥላትና ዞር ትላለች። ድመቷም የምትበላው እሷ ከሄደች በኋላ ነው።

አንድ ክረምት ድመቷ በካቡ ውስጥ ሦስት ልጆች ወለደች። በነሐሴ፣ ከሰዓት በኋላ፣ ወንዙ ሞልቶ ደራሽ ውሃ ካቡን ከበበው። የሻረግ የጓሮው በር ላይ ቆማ አየች። ድመቷ አንዱን ልጇን በማጅራቱ ይዛ ውሃውን ተሻገረች። የበሩ ደፍ ላይ አስቀመጠችው። ተመለሰች። ሁለተኛውን አመጣች። እግሯ ይንቀጠቀጥ ነበር። አሁንም ተመለሰች። ሦስተኛዋን ይዛ ስትመጣ ከውሃው በላይ የሚታየው ጭንቅላቷ ብቻ ነበር። የሻረግ የጉልበቷን ሕመም ረሳች። እስከ ወገቧ ውሃው ውስጥ ገብታ እናትና ልጅን አፍሳ አወጣች።

ድመቷ ደፉ ላይ ተዘረረች። ከዚያ በሰው ቋንቋ ተናገረች።

«ደከመኝ፣ የሻረግ።»

«እኔም ደክሞኛል፣ እህቴ» አለች የሻረግ።

«እኔ ሰው ማመን አልችልም። ከልጅነቴ ጀምሮ ድንጋይ ሲወረወርብኝ ኖሬያለሁ። እነዚህ ግን መፍራትን ገና አልተማሩም። ሳይማሩ ውሰጃቸው።»

«አንቺስ?»

«እኔ ከጣራሽ ክፈፍ ሥር እሆናለሁ። አትንኪኝ እንጂ አልርቅሽም።»

የሻረግ ልጆቹን በነጠላዋ ጠቅልላ አስገባች። ጣቷን ወተት ውስጥ እየነከረች አጠባቻቸው። ሥራዋ ጨመረ፤ ድካሟም ጨመረ። ግን ሦስቱ ጭኗ ላይ ተኝተው «ኸርርር» ሲሉ ትንሽ ቀለል ይላት ነበር።

ከዕለታት አንድ ቀን ጭራቅ ወደ ንጉሡ መጣ። «ወይ ሰው ስጠኝ፣ ወይ አንተን እበላለሁ!» አለ።

ንጉሡ ፈራ። «ፈጪዬን ብላ። ወገን የላትም፤ ማንም አይጠይቀኝም» አለ።

ይህን የሰማች አንዲት ገረድ ሮጣ መጣች። «እትዬ የሻረግ፣ ሽሺ!»

«በየትኛው ጉልበቴ?» አለች የሻረግ።

ተቀምጣ አሰበች። ከዚያ ሦስት ባዶ የእህል ጎታዎች ውስጥ ጨርቅ አነጠፈች። በእያንዳንዱ አንድ አንድ ድመት አስተኛች። ጀርባቸውን ዳበሰችላቸው።

ጭራቁ ደረሰ። «ውጪ! ልበላሽ ነው!»

«ቀስ በል፣ አያ ጭራቅ» አለች ከውስጥ። «ልጆቼ ተኝተዋል።»

ጭራቁ አንድ እርምጃ ቀረበ። ከመጀመሪያው ጎታ «ኸርርር» የሚል ድምፅ ወጣ። ባዶው ጎታ ድምፁን አገዘፈው።

«ምንድን ነው?»

«ትንሿ ልጄ ናት። ታንኮራፋለች።»

ሌላ እርምጃ ቀረበ። ከሁለተኛው ጎታ «ኸርርርር!» አለ።

«ይሄስ?»

«መካከለኛው ነው። ርቦት ነው የተኛው።»

ሦስተኛ እርምጃ ተራምዶ በሩ ላይ ደረሰ። ሦስቱም ጎታ ባንድነት አጓራ። ግድግዳው ተንቀጠቀጠ።

«እነዚህ ልጆች ምን ያህላሉ?» አለ ጭራቁ፣ ድምፁ ቀጥኖ።

«ኧረ ገና ጡት አልጣሉም!»

«እናታቸውስ? እናታቸው የት ናት?»

የሻረግ ጣቷን ወደ ላይ ቀሰረች።

ድመቷ ዕድሜዋን ሁሉ ስትሸሽ የኖረች ናት። ያን ቀን ግን አልሸሸችም። ከክፈፉ ሥር ዘላ ጭራቁ አናት ላይ ወረደች። ጥፍሯን ተክላ «ፍፍፍ!» አለች። ጭራቁ ምን እንደወደቀበት እንኳ አላየም። «እናትየዋ መጣችብኝ!» እያለ ሮጠ። እሷ ዘላ ወረደች፤ እሱ ግን ሲሮጥ ገደል ገባ።

ንጉሡ አፍሮ የሻረግን አስጠራት። «የፈለግሽውን ጠይቂ» አላት።

«ጃንሆይ፣ በዚያች ድመት ላይ ማንም ድንጋይ አያንሳ። እኔም ልረፍ።»

ንጉሡ እሺ አለ። የሻረግ ሦስት ቀን ሙሉ ተኛች። በአራተኛው ቀን ወጥታ ክፈፉ ሥር ቆመች።

«ተባረኪ፣ እህቴ» አለች። «አንቺ ባትደክሚ እኔ እናት አልሆንም ነበር።»

ድመቷ ዓይኗን ቀስ ብላ ጨፈነች፤ ቀስ ብላ ገለጠች። ግን አልወረደችም። በቀጣዩ ዓመት ስትወልድ ልጆቿን ለማሳደግ የሚፈልግ የአገሩ ሰው የሻረግ በር ላይ ተሰለፈ። ድመቷ ራሷ ግን ከደራሹ ውሃ ቀን ወዲህ እስከ ዕለተ ሞቷ የሰው እጅ አልነካትም፤ ጦሟንም አላደረችም።

ልጆች፣ የማይቀርባችሁን ሁሉ ክፉ ነው አትበሉ። ለደከመች እናት ምስጋና ስጧት፤ ልጆቿንም ተቀበሉላት።

ተረቴን ያዙልኝ፤ ለጉሮሮዬ ውሃ አምጡልኝ።